በግፊት የሚሰጥ ኦክስጅን፦ ለየትኛው ሕመም? ታማሚውስ ምን ይጠብቀዋል?



ኦክስጅን በየደቂቃው የምንተነፍሰው፣ ዋጋ የማይጠየቅበት የአላህ ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ኦክስጅን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ሲሰጥ ራሱን የቻለ መድኃኒት እንደሚሆን፣ እንደ ማንኛውም መድኃኒትም መጠን፣ ጊዜና ጉዳት እንዳለው የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሐኪሞች "ሃይፐርባሪክ ኦክስጅን ሕክምና" ይሉታል። በቅርብ ዓመታት በተለይ በዐረብ አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች ስሙን በስልክ እየሰሙ "ይህ ነገር ለአባታችን እግር ይሆን? አፉን ላልፈታው ልጃችንስ?" እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተራ አይደለም። በመልሱ ላይ ተመሥርቶ ንብረት የሚሸጥ፣ ልጁን ይዞ አገር የሚያቋርጥ ቤተሰብ አለ። ስለዚህ ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚጠቅምና ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው ምን እንደሚገጥመው በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ለመሆኑ ግፊት ምን ይሠራል?

እንደሚታወቀው ከላያችን ያለው አየር ክብደት አለው። ይህ ክብደት በባሕር ጠለል ላይ የሚያሳድረው ግፊት አንድ አትሞስፌር ይባላል። ወደ ከፍታ በወጣን ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። በአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ 21 ከመቶ ገደማ ሲሆን ይህ ድርሻ በጅቡቲም ሆነ በደብረ ብርሃን ያው ነው፤ የሚለየው ግፊቱ ነው።

ኦክስጅንን ከሳንባ ተሸክሞ ወደ መላው አካል የሚያደርሰው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ሂሞግሎቢን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በባሕር ጠለል የሚኖር ጤነኛ ሰው ሂሞግሎቢኑ ከ95 ከመቶ በላይ በኦክስጅን የተሞላ ነው። ታዲያ ሞልቶ በተነሳ አውቶቡስ ላይ ተጨማሪ ተሳፋሪ ከየት ይቀመጣል? ይህ ሕክምና መልሱን ያገኘው ከአውቶቡሱ ሳይሆን ከመንገዱ ነው። ደማችን ቀይ ሕዋሳት ብቻ አይደለም፤ ሕዋሳቱ የሚንሳፈፉበት ፕላዝማ የተባለ ውሃማ ክፍልም አለው። ዊልያም ሄንሪ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1803 እንዳሳየው፣ ጋዝ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው በተጫነው ግፊት ልክ ነው። ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት "ፒስ" ብሎ አረፋ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ በግፊት ሟሙቶ የነበረው ጋዝ ግፊቱ ሲለቀው ይወጣል።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ በባሕር ጠለል ተራ አየር በሚተነፍስ ሰው 100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ በፕላዝማው የሚሟሟው ኦክስጅን 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ይህም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ያው ሰው በሦስት አትሞስፌር ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ሲተነፍስ ግን ወደ 6 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ዕረፍት ላይ ያለ ሰውነት ከዚያው ከ100 ሚሊ ሊትር ደም የሚወስደውም ይህን ያህል ነው። ይኸውም ቀይ የደም ሕዋሳት ባይኖሩ እንኳ ፕላዝማው ብቻውን ሰውን ለጥቂት ጊዜ ሊያኖር ይችላል ማለት ነው። ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ እንዳልሆነ የአምስተርዳሙ ቀዶ ሐኪም ኢተ ቡሬማ እ.ኤ.አ. በ1960 አሳይቷል። በሙከራው ላይ በነበሩ እንስሳት ሰውነት ውስጥ የነበረውን ደም ቀይ ሕዋስ በሌለው ፈሳሽ ተክቶ፣ በሦስት አትሞስፌር ኦክስጅን ውስጥ በሕይወት አቆያቸው። ሕክምናው በዘመናዊ መልኩ የተስፋፋው ከዚህ ወዲህ ነው።

ከዚያ በፊት ግፊት የሚታወቀው በበሽታ አምጪነቱ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በወንዝ ሥር የድልድይ መሠረት ይቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች በታመቀ አየር በተሞላ ሳጥን ውስጥ እየሠሩ ሲወጡ መገጣጠሚያቸውን ያማቸው፣ ይሽመደመዱ፣ ይሞቱም ነበር። የኒውዮርኩ የብሩክሊን ድልድይ ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ እ.ኤ.አ. በ1872 በዚሁ ሕመም ወድቆ የቀረውን ሥራ ከቤቱ ሆኖ ሲመራ ኖረ። ምክንያቱ ያው የለስላሳው ጠርሙስ ነገር ነው። በግፊት ውስጥ በደም የሟሟው ናይትሮጅን ሰውየው ቶሎ ሲወጣ አረፋ ሆኖ የደም ሥር ይዘጋል። ዛሬም የባሕር ጠላቂዎች ይህ ሲደርስባቸው መድኃኒታቸው ወደ ግፊት መልሶ አረፋውን ማሳነስ፣ ከዚያም ኦክስጅን እያጠጡ ቀስ አድርጎ ማውጣት ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለዚህ የሚጠቀምበት የታወቀው ሠንጠረዥ በ2.8 አትሞስፌር ይጀምርና አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚህ ሕመም ላይ ማንም ሐኪም አይከራከርም።

የከሰል ጭስ ያፈነው ሰው

ከጠላቂዎች ሕመም ይልቅ ለእኛ ቤት የሚቀርበው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ክረምት ላይ በር ተዘግቶ፣ ከቡናው የተረፈው ከሰል በምድጃው ላይ እንዳለ ቤተሰቡ ይተኛል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ሂሞግሎቢን ላይ የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በመሆኑ አውቶቡሱን ሞልቶ ኦክስጅንን ያስቀራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዞርና የጉልበት መክዳት ይጀምራል። እነዚህ ምልክቶች የብዙ በሽታ ምልክቶች ስለሆኑ ይሳሳታሉ፤ የሚያጋልጠው ግን በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ መታመማቸውና ወደ ውጭ ሲወጡ መሻላቸው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችንም በቀዝቃዛው ወር ሌሊት በጠባብ ክፍል ወይም በድንኳን ውስጥ ከሰል የሚያነዱ ከሆነ አደጋው ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው ትንሹ የኦክስጅን መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሂሞግሎቢን በኦክስጅን ከተያዘው አይለየውም። እየሞተ ያለ ሰው ጣት ላይ "98" ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ስትደርሱ "ከሰል ነድዶ ነበር" የምትሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ከመለኪያው ይበልጣል።

በአካል ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ እንዲቀንስ ተራ አየር ለሚተነፍስ ሰው ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። በግፊት ክፍል ውስጥ ሲሆን ደግሞ ወደ 20 እና 30 ደቂቃ ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ትልቁ ዝላይ ከተራ አየር ወደ ጭምብሉ ነው። ስለሆነም የግፊት ክፍል በማይገኝበት ቦታ ያለ ቤተሰብ ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም። በሩን ከፍቶ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ሳይውል ሳያድር ማድረስ ነው። ወተት ወይም ሎሚ ልናጠጣው ስንል የሚባክነው ጊዜ ግን የሰውየው ነው፤ ራሱን የሳተውንማ ሊያንቀው ይችላል።

ታዲያ የግፊት ክፍሉ ምን ይጨምራል? እ.ኤ.አ. በ2002 ከአሜሪካዋ ሶልት ሌክ ሲቲ የታተመ ጥናት 152 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ ግፊት ክፍል የገቡት ከስድስት ሳምንት በኋላ የማስታወስና የማሰብ ችግር የታየባቸው 25 ከመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው ግፊት ኦክስጅን ያገኙት ላይ 46 ከመቶ ደርሷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ጥቅም አላገኘም። ሐኪሞቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ራሱን ለሳተ፣ የልብ ወይም የአንጎል ጉዳት ለታየበት ሰው ክፍሉ ቅርብ ከሆነ ይልኩታል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ቶሎ ያስቡታል፤ ጋዙ ወደ ፅንሱ ደም ስለሚያልፍና ከዚያ ለመውጣት ከእናቲቱ ይልቅ ስለሚዘገይ ነው።

የስኳር ሕመምተኛ እግር

ከተማሪዎቻችን አንዱ በዚህ ዓመት አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ። አባቱ ለብዙ ዓመታት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር የወጣው ቁስል ወራት አስቆጥሯል። ዐረብ አገር ያለችው እኅቱ "እዚህ አርባ ጊዜ ኦክስጅን ክፍል የገባ ሰው እግሩ ዳነ" ብላ ደወለች። ቤተሰቡ አንዲት ቁራሽ ቦታ አለችው፤ እሷን ሸጦ አባትየውን ለመላክ ሽማግሌዎቹ መክረዋል። "ጋሼ፣ እውነት ነው?" አለን።

እውነት የሆነውን እናስቀድም። ቁስል የሚድነው በኦክስጅን ነው። ጀርም የሚገድሉት ነጭ የደም ሕዋሳት መሣሪያቸውን የሚሠሩት በኦክስጅን ሲሆን፣ አዲስ ሥጋና አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ያለ እሱ አይሠሩም። የስኳር ሕመም ደግሞ የእግርን የደም ሥር ያጠብባል፣ ስሜትንም ያጠፋል። ስለዚህ በፕላዝማ በኩል ኦክስጅን ማድረስ ትርጉም ያለው ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የስዊድን ጥናት 94 እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን ወስዶ፣ ከፊሎቹ በክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን፣ ከፊሎቹ እዚያው ክፍል ገብተው ተራ አየር እንዲተነፍሱ አደረገ። ታማሚውም ሐኪሙም የትኛው እንደሆነ አያውቁም ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ቁስላቸው ሙሉ በሙሉ የዳነላቸው ኦክስጅን ካገኙት 52 ከመቶ፣ አየር ካገኙት ደግሞ 29 ከመቶ ሆነ።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የካናዳ ጥናት፣ በ2018 የታተመው የሆላንድ ጥናትም እግር ከመቆረጥ በማዳን ረገድ ግልጽ ልዩነት አላገኙም። በሆላንዱ ጥናት ሕክምናው ከተመደበላቸው ሲሶ ያህሉ የታዘዘላቸውን አልጨረሱም። የደከመ፣ ልቡም የታመመ ሽማግሌ በየቀኑ ለስምንት ሳምንት መመላለስ ምን ማለት እንደሆነ ይህ ብቻውን ይናገራል። በእኛ ግምት ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሕክምናው ለተመረጡ ታማሚዎች፣ ሌላው ሁሉ በአግባቡ ተደርጎ ቁስሉ እምቢ ሲል የሚታከል ነው። የሌላው ምትክ ሆኖ አያውቅም።

"ሌላው ሁሉ" ምንድን ነው? ልጁን መልሰን የጠየቅነው ይህንኑ ነው። የእግራቸው የደም ሥር ተመርምሯል ወይ? የሞተው ሥጋ በሐኪም ተጠርጓል? ስኳራቸው ስንት ነው? ምን ዓይነት ጫማ ያደርጋሉ? ልጁ አንገቱን ደፋ። አባትየው በቁስሉ ላይ በጠባብ የፕላስቲክ ጫማ ለአምስቱም ወቅት ሶላት ወደ መስጂድ ይመላለሳሉ። ሕመም ስለማይሰማቸው ጉዳት ያለ አልመሰላቸውም። በቀን መቶ ጊዜ የሚረገጥ ቁስል በአርባ ክፍለ ጊዜ ኦክስጅን አይድንም፤ ክብደት እንዲነሣለት ይፈልጋል። ሐኪም እግሩን እንዲያሳርፉ ሲያዝ በቤት፣ በወንበርም ላይ ሆኖ መስገድ ለታማሚ የተፈቀደ መሆኑን እሳቸው ከእኛ በተሻለ ያውቁታል፤ የሚከብዳቸው ከጀመዓው መቅረቱ ነው። ቤተሰቡ መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ወሰዳቸው፤ ቁስሉ ተጠርጎ፣ እግራቸውን የሚያሳርፍ ጫማ ታዘዘላቸው። ይህን ስንጽፍ ቁስሉ ገና አልዘጋም፤ ቦታውም አልተሸጠም።

በነገራችን ላይ ውዱእ ለስኳር ሕመምተኛ በቀን አምስት ጊዜ እግሩን የሚያይበት አጋጣሚ ነው። ውሃው ሞቃት ከሆነ በእግር ሳይሆን በክርን ይለካ፤ የደነዘዘ እግር ቃጠሎን አይናገርም። ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት ማድረቅ ያስፈልጋል። እግርን በከሰል ምድጃ ማሞቅ ለእነዚህ ሰዎች የተከለከለ ነው ማለት ይቻላል፤ ሐጅና ዑምራ ላይም ባዶ እግራቸውን በጋለ መሬት ሄደው የእግራቸው ሥር የተላጠ ሕመምተኞች ለሐኪሞች አዲስ አይደሉም።

ለማይሆነው ሲሸጥ

በአሜሪካ የዚህ ሕክምና ሐኪሞች ማኅበር የሚቀበላቸው ሕመሞች አሥራ አራት ገደማ ናቸው። ከጠቀስናቸው በተጨማሪ በደም ሥር የገባ አየር፣ ሥጋን የሚበሉ አደገኛ ኢንፌክሽኖች፣ ለካንሰር በተሰጠ ጨረር የተጎዳ አጥንትና ሥጋ፣ ድንገት የሚመጣ የጆሮ መደንቆርና የመሳሰሉት ይገኙበታል። ከዚህ ዝርዝር ውጭ ግን ገበያው ሰፊ ነው። ኦቲዝም፣ ካንሰር፣ እርጅና፣ አልዛይመር፣ ምኑ ይቀራል! የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ሕዝቡ እንዳይታለል ሲያስጠነቅቅ ኦቲዝምንና ካንሰርን በስም ጠቅሷል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ኦርቫል ካኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1918 በኅዳር በሽታ ጊዜ ታማሚዎችን በታመቀ አየር ማከም ጀመረ፤ ቀጥሎም የስኳር በሽታን፣ ካንሰርንና ቂጥኝን ሳይቀር አድናለሁ አለ። አንድ ባለጸጋ ገንዘብ ሰጥቶት እ.ኤ.አ. በ1928 በክሊቭላንድ ከተማ 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ፎቅና መኝታ ክፍል ያሉት የብረት ኳስ ሆስፒታል ተሠራ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር "ማስረጃህን አቅርብ" ቢለው የሚያቀርበው አልነበረውም። ሆስፒታሉ ተዘጋ፤ ብረቱም እ.ኤ.አ. በ1942 ለጦርነቱ ተብሎ ፈርሶ ተሸጠ።

ዛሬ ለቤት የሚሸጡት በአየር የሚነፉ ለስላሳ ከረጢቶችስ? እነዚህ የሚጨምሩት ግፊት 0.3 አትሞስፌር ገደማ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። አዲስ አበባ ላይ ያለው ግፊት 0.76 ያህል ነው፤ 0.3 ሲጨመርበት አንድ ከምናምን ይሆናል። በሺህ የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ በከረጢቱ ውስጥ አየር የሚተነፍስ የአዲስ አበባ ሰው ያገኘው ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆሞ የሚተነፍሰውን ነው። እነዚህ ከረጢቶች በአሜሪካ ፈቃድ ያገኙት ለከፍታ ሕመም ነው፤ ለዚያ በእርግጥ ይረዳሉ።

ክፍሉ ውስጥ

ሐኪም ያዘዘለት ሰው ምን ይጠብቀው? ክፍሎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አንድ ሰው የሚተኛበት፣ ግልጽ የሆነ ረዥም ቱቦ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በኦክስጅን ይሞላል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚቀመጥበት የብረት ክፍል ነው፤ በታመቀ አየር ይሞላና እያንዳንዱ ታማሚ በጭምብል ወይም ራስን በሚሸፍን ግልጽ ቆብ ኦክስጅን ይተነፍሳል፣ ነርስም አብራ ትገባለች። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ይህን አስቀድሞ ቢናገር ሁለተኛውን መምረጥ ይቻል ይሆናል።

ግፊቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀስ እያለ ይጨምራል። ጆሮ የሚናገረው ያኔ ነው። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት በአውቶቡስ የወረደ ሰው ጆሮው ሲደፈን፣ ሲውጥም ሲከፈት ያውቀዋል፤ እዚህ ያው ነገር በብዙ እጥፍ ነው። መዋጥ፣ ማዛጋት፣ አፍንጫን ይዞ በቀስታ መንፋት ይረዳል። ካመመዎት ዝም አይበሉ፤ ምልክት ሲሰጡ ሠራተኛው ግፊቱን ያቆመዋል። የሚታገሥበት ቦታ አይደለም፣ የጆሮ ታምቡር ይጎዳል። ጉንፋን የያዘው ሰው ቀኑን ያስለውጥ። ከዚያ በኋላ ከ2 እስከ 2.5 አትሞስፌር ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መቀመጥ ወይም መተኛት ብቻ ነው፤ አየሩ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ሲወርድ ይቀዘቅዛል። በየመካከሉ ለአምስት ደቂቃ ያህል ተራ አየር ይሰጣል፤ ኦክስጅን በዝቶ አንጎልን እንዳያንቀጠቅጥ ነው። ይህ መንቀጥቀጥ ከስንት አንድ የሚከሰትና ኦክስጅኑ ሲቋረጥ የሚቆም ነው። ለጠላቂ ወይም በጭስ ለታፈነ ሰው ከአንድ እስከ ጥቂት ጊዜ ሊበቃ ይችላል፤ ለስኳር ቁስልና ለጨረር ጉዳት ግን በሳምንት አምስት ቀን፣ ከ30 እስከ 40 ጊዜ የተለመደ ነው።

ከሳንባው ወጥቶ በደረቱ ውስጥ አየር የተጠራቀመበት ሰው ሳይታከም ፈጽሞ መግባት የለበትም። የሳንባ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ ትኩሳት፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና የነበረበት፣ ብሊዮማይሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የወሰደ፣ ያረገዘችም ሁሉ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

የስኳር ሕመምተኛ ክፍሉ ውስጥ ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል በልቶ እንዲገባ ይደረጋል፤ ሳይገባም ይለካል። ረመዳን ላይ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ የኦክስጅን ጋዝ ጾምን ከማያፈርሱት ነገሮች መካከል ቆጥሮታል። ስለዚህ ችግሩ ኦክስጅኑ አይደለም፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ባዶ ሆዱን መግባቱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሐኪሙንና ዓሊሙን አስቀድሞ ይጠይቅ።

እሳት

በኦክስጅን የተሞላ ክፍል ውስጥ ትንሽ ብልጭታ ትልቅ እሳት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 በሚላኖ በአንድ ሆስፒታል በተነሣ እሳት አሥራ አንድ ሰዎች ሞተዋል፤ አንዲት ታማሚ ይዛው የገባች የእጅ ማሞቂያ ነበረች መነሻው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የአምስት ዓመት ልጅ በክፍሉ ውስጥ ተቃጥሎ ሞቷል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ሲፈትሹ ቅር አይበላችሁ። ስልክ፣ ሰዓት፣ ላይተርና ባትሪ ያለው ነገር ሁሉ ውጭ ይቀራል። ልብሱም ንጹሕ ጥጥ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ማዕከል ራሱ ይሰጣል።

እኅቶች ይህን ልብ ይበሉ። ናይለንና ፖሊስተር ሒጃብ አይገባም፣ መርፌ ቁልፍም እንዲሁ። ንጹሕ የጥጥ ሻሽ ይፈቀድ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይጠየቅ፤ ብዙውን ጊዜ መፍትሔ ይገኛል። የፀጉር ቅባት፣ ቫዝሊን፣ ሽቶ፣ ዒጥር፣ የጥፍር ቀለም ሁሉ ታጥቦ መውጣት አለበት፤ በዑድ የታጠነ ልብስም ይቀየር። ሕፃን ልጅ ላይ የታሰረ ሒርዝ ቢኖር ቆዳውና ክሩ አብሮ እንዳይገባ ለሠራተኛው ይታይ። የሚሠለጥን ሰው ሳያያት አጠገቧ ሳይቆም ሥራ የሚጀምር ቦታ ካጋጠማችሁ ደግሞ ተመልሳችሁ ውጡ። ሐኪሙ ማን እንደሆነ፣ በአደጋ ጊዜ በስንት ደቂቃ ታማሚው እንደሚወጣ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሃያኛው ቀን ገደማ አንዳንድ ታማሚ ሩቅ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዝበታል፣ ያለ መነጽር ማንበብ የማይችለው ሽማግሌ ደግሞ ድንገት ቁርኣኑን ያለ መነጽር ሊያነብ ይችላል። ኦክስጅኑ የዓይንን ሌንስ ለጊዜው ስለሚለውጠው ነው። ሕክምናው ካበቃ በኋላ በሳምንታት ወይም በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ እስከዚያ ድረስ አዲስ መነጽር አይገዛም፣ አሮጌውም አይጣልም።